ቁልፉ ሹፌሩ ጋ ነው

እኔ የምነዳውን ሚኒባስ ያላየ ሰው ሚኒባስ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ እንዲያ ስከንፍ ጥላዬ ከኋላ ቀረች፤ በማግስቱ ጠዋት አቧራዋን እያራገፈች ደረሰችና የውሎ አበሏን ጠየቀችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ተማሪዎቹ የተኮሱት ሮኬት ደመና ውስጥ ገብቶ ሲመለስ አፍንጫው ላይ እርጥብ ካልሲ አንጠልጥሎ ወረደ፤ ለካ እዚያ ላይ የሆነ ሰው ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ነበር።

ይህን ስጽፍ ግራ ጆሮዬን ይዤ ነው። ጆሮዬን ከያዝኩ የማወራው ቅጥፈት ነው፤ ካልያዝኩ እውነቴን ነው። የቤታችን ሕግ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ ግን አንዱ እጄ እስክሪብቶውን፣ ሌላው ወረቀቱን ይዟል፤ ለጆሮ የተረፈ እጅ የለም።

ሕጉን ያወጣችው ባለቤቴ ናት። ልጃችን ገና ፊደል ሳትለይ፣ ጨረቃ ያነሰችው ዳርዳሯን በመጋዝ ቆርጬ ቤት ስላመጣሁት ነው ብዬ ነገርኳት። ልጅቷ አልጋ ሥር ገባች፣ ቁምሳጥን ከፈተች፣ የጫማ ካርቶኖችን ገለበጠች፤ ቁራጩን ፈልጋ ፈልጋ ስታጣው ነው ያለቀሰችው። እናቷ ከወጥ ቤት ጭልፋዋን እንደያዘች መጣችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ የምትላትን ሁሉ ታምናለች እኮ! ከዛሬ ጀምሮ ስትቀጥፍ ጆሮህን ያዝ፤ ትወቀው» አለችኝ።

ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን እንዲያውም ጣፈጠ። ልጄ እጄ ወደ ጆሮዬ ሲሄድ ገና ሳልጀምር ትስቃለች፤ እጄ ሲወርድ ደግሞ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ታዳምጠኛለች። «ነገ ዝናብ አለ» ብላት እጄን አይታ ነው ጃንጥላ የምትይዘው። አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ ሕጉ አንድ ቀን ተጥሶ አያውቅም ነበር።

ሥራዬ የዩኒቨርሲቲ ሹፌርነት ነው። ትምህርትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጨባብጠን ተለያይተናል። ሐሙስ ሐሙስ የሮኬት ክበብ ተማሪዎችን ጭኜ በየትምህርት ቤቱ እዞራለሁ፤ ለሕፃናቱ ፊኛ ለቅቀው፣ ካርቶን ቀደው፣ ሮኬት ለምን እንደሚወጣ ያስረዷቸውና መጨረሻ ላይ ሜዳ ወጥተው አንድ የእውነት ሮኬት ይተኩሳሉ። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው፤ ገላው የካርቶን ቱቦ፣ ሆዱ ውስጥ ደረቅ ነዳጅ የታጨቀበት ሞተር። እኔ ጋ የሚሳፈሩት ሦስት ናቸው። አለቃቸው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከአጠገቤ ተቀምጣ «ግራ! ቀኝ! ቁም!» ስለምትለኝ ጄኔራል ብያታለሁ። ሁለተኛውን ፕላስተር እለዋለሁ፤ የተሰበረ ነገር ካየ እጁ ኪሱ ገብቶ ፕላስተር ይዞ ይወጣል፤ የጎን መስታወቴ እስከ ዛሬ የቆመው በሱ ነው። ሦስተኛው ድምፀ መረዋው ማይክ ነው፤ ክፍል ገብቶ የሚያስረዳው እሱ ነው። ሦስቱም ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ። ሮኬት ለመሥራት ጋዋን እንደማያስፈልግ እነሱም ያውቃሉ፤ ግን ሕፃናት ጋዋን ሲያዩ ጸጥ ይላሉ። መርፌ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

እኔም በዚህ ክበብ ውስጥ አንድ ሥራ ነበረኝ። ሮኬቱ የሚተኮሰው ከሩቅ፣ ረጅም ሽቦ ከተያያዘበት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ላይ ቀይ መጫኛ አለ፤ ቀዩ እንዲሠራ ግን በጎኑ ትንሽ ቁልፍ ገብታ መዞር አለባት። አንዱ ልጅ ሮኬቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲያያይዝ ሌላው ተሳስቶ ቀዩን ቢጫን ምን እንደሚሆን መገመት ነው። ስለዚህ ሕግ አላቸው፤ ቁልፉን የሚይዘው ሮኬቱን በጭራሽ የማይነካ ሰው ነው፤ ሁሉም ሜዳው ላይ ከተዘረጋው የከለላ ገመድ ወዲህ ካልተመለሰ አይሰጥም። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ቁልፏ የሥራ ጃኬቴ የደረት ኪስ ውስጥ፣ ዚፕ ተዘግቶባት ነው የምትኖረው። ጄኔራል የሳጥኑ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «ቁልፉ ሹፌሩ ጋ ነው» ብላ ጽፋበታለች። ልጄ አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው ግቢ መጥታ ይህን ጽሑፍ አንብባ፣ ዞራ እኔን አይታ፣ ደግማ አንብባዋለች።

ሌላም ልማድ አላቸው። ቁልፉን የሚያዞረው የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ የሚመርጡትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ጄኔራል ለመምህራኑ አስቀድማ ደውላ የምትለው አንድ ነገር ነው። «ጎበዙን ወይ ፈጣኑን አይደለም። ቃሉን የሚያምኑትን ልጅ ይምረጡ።» ምክንያቱም ያ ልጅ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ሜዳውን አይቶ፣ ሰዉን ቆጥሮ «ሁሉም ወጥቷል» ይላል። እሱ ወጥቷል ካለ ወጥቷል ነው።

ባለፈው ረቡዕ ልጄ በሩን በርግዳ ገባች።

«አባዬ! መረጡኝ!»

«ለምን? ለንጉሥነት?»

«ለቁልፉ! ነገ እኛ ትምህርት ቤት ናችሁ አይደል? ሁሉም እጁን አወጣልኝ፤ ዳኛው ራሱ አወጣልኝ!»

ዳኛው የክፍሏ ልጅ ነው። ኳስ መስመር አልፋለች አላለፈችም፣ ማን ማንን ቀድሞ ገፋ፣ ይህን ሁሉ የሚፈርደው እሱ ስለሆነ ስሙን ሁሉም ረስቶታል።

«ስለ አንተም ነግሬያቸዋለሁ» አለች ጫማዋን እያወለቀች።

«ምን ብለሽ?»

«ነገ ስትመጣ ታያለህ!» ብላ ሳቀች።

ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ። የኔው ሳቅ ናት፤ በአፍንጫ ጀምራ ትከሻ ላይ የምታልቅ። ልክ ጥላዬ አበል የጠየቀችኝን ስናገር የምስቃት። እና በልቤ «ወይ ጉድ! ልጄ ቀጥፋለች» አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የማን ልጅ ናት! ግን ምን ብላ ይሆን? ሹፌር ነው ብላ እንደዚያ የሚያስቃት ነገር የለም። ሹፌር መሆን ምን ያስቃል? ቢያንስ ቢያንስ ዋና መሐንዲስ አድርጋኛለች። ይባስ ብላ ወደ ጠፈር ልካኝ ይሆናል።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ መስታወቱ ሥር አገኘችኝ።

«ምነው ፂምህን ሁለቴ ላጨህ? አንዱ ፊት አልበቃህም?»

«የልጄ ትምህርት ቤት ነዋ።»

«ሹፌር ፂም አለው የለው ማን ያየዋል?» አለች በጨዋታ። አባባሏ ክፋት አልነበረውም፤ እኔ ግን ንግግሯን በልቤ ይዤ ወጣሁ።

ግቢ ስደርስ ማይክ የለም። ጉሮሮው ተዘግቶ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሆኗል አሉ። ጋዋኑ የሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጄኔራል ሜዳ ላይ ሮኬቱ የሚተኮስበትን ማማ ልታቆም፣ ፕላስተር ክፍል ገብቶ ሊያስረዳ ተስማሙ። ፕላስተር ፊቱ ገረጣ። «እኔ እኮ ሰው ፊት ማውራት አልችልም፤ እጄ ነው የሚሠራው» አለ። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ርዕሰ መምህርቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። የጄኔራልን እጅ ጨበጠች፣ የፕላስተርን ጨበጠች፣ ከዚያ እኔን አልፋ ለዘበኛው «ሹፌሩ መኪናውን ከግንቡ ጥግ ያቁም» አለችው። ለኔ እንኳ አይደለም የነገረችው፤ ለዘበኛው ነው። ቀና ስል ፎቅ ላይ በመስኮት የልጄን ክፍል ልጆች አየሁ፤ አፍንጫቸው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። እና ታዲያ «አሁን ምን ብላ ነው የምታሳያቸው?» ብዬ አሰብኩ። ዋናው መሐንዲስ ከግንብ ጥግ መኪና እያቆመ!

ጃኬቴን አወለቅኩ። ሰማያዊ ሆኖ ጀርባው ላይ በቢጫ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል «ትራንስፖርት» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ከወንበሬ ጀርባ ሰቀልኩትና የማይክን ጋዋን አጠለቅኩ። ልክክ አለልኝ። በመስታወት ራሴን ሳየው እኔም ልታከም አማረኝ።

ፕላስተር የክፍሉ በር ላይ ካርቶን ታቅፎ ሲያየኝ ፈገግ አለ። ቀልድ መሰለው። ስንት ጊዜ የዩኒቨርሲቲውን ዘበኛ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ነኝ ብዬ ሳስቀው አይቷል። «ጋሼ ደግሞ!» አለና ከኋላዬ ገባ። እውነት ለመናገር፣ ከፊቱ ሰው በመግባቱም እፎይ ያለ ይመስለኛል።

የሳይንስ መምህሩ ወፍራም መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው ነው። ጋዋኔን አይቶ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ…?»

ልጄ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ ናት። ስታየኝ ፊቷ መጀመሪያ በራ፤ ከዚያ ጋዋኑን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ። «አይዞሽ፣ አባትሽ አለልሽ» ብዬ ጠቀስኳት።

«የሮኬቱ ዋና መሐንዲስ ነኝ» አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ እንዴት እንደሚጣፍጥ! አንዷ ትንሽዬ ልጅ እጇን አወጣች።

«ክንፎቹ ለምንድን ናቸው?»

«ሮኬቱ መንገድ ላይ ሲደክመው ዘርግቶ ያርፍባቸዋል» አልኩ። የልጆቹ አንገት በሙሉ ወደ ደብተር ጎንበስ አለ። ጻፉት! መምህሩም ጻፈ። ፕላስተር ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ክንፍ ሮኬቱን ቀጥ አድርጎ እንደሚያስኬድ ሊናገር ነበር መሰለኝ፤ ቃሉ ግን አልወጣለትም።

ያኔ አንድ ክብ ራስ ያለው ልጅ ተነሳ። ዳኛው መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅኩ።

«ቲቸር! የሷ አባት ናቸው እኮ! እሷ አባቴ ሹፌር ነው ነበር ያለችን!»

«ምን?» አለ መምህሩ።

«አባቴ ሹፌር ነው፣ ቁልፉ የሚቀመጠው እሱ ጋ ነው፣ እሱ ካልሰጠ ማንም መተኮስ አይችልም፣ ሳጥኑ ላይም ተጽፏል ብላን ነበር። ለዛ እኮ ነው የመረጥናት!»

እዚያች ላይ ነው ሁሉም የገባኝ። ልጄ አልቀጠፈችም። ያ ሳቅ የቅጥፈት ሳቅ አልነበረም፤ የኩራት ነበር። ነገ ስትመጣ ታያለህ ያለችኝ፣ ሹፌር ነኝ ብዬ ስገባ አርባ ልጅ እንዴት እንደሚያየኝ ነበር። እኔ በራሴ መስፈሪያ ሰፍሬያት፣ ያልዋሸችውን ውሸቷን ላድንላት ተሽቀዳድሜ መጣሁ።

መምህሩ ወደ ልጄ ዞረ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው የባሰው። «የኔ ልጅ፣ ለምን እንደዚህ አልሽ?»

ልጄ ተነሳች። መምህሩን አይደለም ያየችው። ፊቴንም አይደለም። እጄን ነበር የምታየው። ግራ እጄን። ወደ ጆሮዬ እስኪሄድ እየጠበቀች ነበር። እጄ ብቻ ብድግ ቢል ሁሉም ነገር ጨዋታ ይሆናል፤ ትስቃለች፣ ለክፍሉም ታስረዳለች፣ ይስቃሉ። እጄ ግን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም አለ። መምህሩ እያየኝ ነበር፣ ርዕሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ «ሹፌሩ ከግንቡ ጥግ» ያለችዋ።

«ልጆች ናቸው» አልኩ። «ይጫወታሉ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

«ውሸታም!» አለ አንዱ ከኋላ። «ው-ሸ-ታም» አለ ሌላው በዜማ። መምህሩ ጠረጴዛውን መታና ዝም አሰኛቸው። ዳኛው ግን ገና አልተቀመጠም። «ቲቸር፣ ቃሏን የምናምናትን ተብሎ አይደል የተመረጠችው? እንግዲያው አይሆንም» አለ። አነጋገሩ ጥላቻ የለበትም፤ ኳስ መስመር አለፈች እንደሚለው ነው። እንደገና እጅ ወጣ፤ ቁልፉ ለዳኛው ሆነ። ልጄ ተቀመጠች። ደብተሯን ዘጋች፤ እርሳሷን መያዣው ውስጥ አስገብታ ዚፑን ሳበችው። ዓይኗ እንባ አልነበረውም። ያንን የጨረቃ ቁራጭ ስትፈልግ የነበረው ፊቷ ነው የመጣው፤ የሆነ ቦታ መኖር ያለበት ነገር ሲጠፋባት።

ሜዳ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከገመዱ ወዲህ ተኮልኩሏል። ጄኔራል ሽቦውን አያይዛ፣ እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች ተመለሰችና ሳጥኑ ላይ ተንበረከከች። ቀና ሳትል መዳፏን ዘረጋች፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው።

«ቁልፍ።»

እጄ ደረቴ ላይ ሄደ። ዚፕ የለም። የጋዋኑ ኪስ ውስጥ አንድ የእስክሪብቶ ክዳንና ተጣብቆ የቀረ የማይክ የጉሮሮ ከረሜላ አገኘሁ።

«ጋሼ፣ ቁልፍ» አለች ደግማ፤ ያኔ ቀና አለች። ከእግሬ እስከ አንገቴ አየችኝ። «ይሄ ምንድን ነው የለበሱት?»

«ዶክተር፣ ችግር አለ?» አለች ርዕሰ መምህርቷ ከኋላ።

ጄኔራል «ዶክተር» የሚለውን ስትሰማ ፕላስተርን አየችው፤ ፕላስተር ጫማውን አየ። ያንን በፕላስተር የተያያዘውን።

«ቁልፉ መኪና ውስጥ ነው» አልኩ በዝግታ። «ፕላስተር ሮጥ ብሎ…»

«አይሆንም። ቁልፉን የሚያመጣው የያዘው ሰው ራሱ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችኝ፤ ሰው ፊት ላለማዋረድ። ለኔ የሚገባኝ አልነበረም።

ሜዳውን ተሻግሬ ሄድኩ። ከዚያ ግንብ ጥግ የሚያደርሰው መንገድ እንዴት ያለ መንገድ ነበር! ጆሮዬን ብይዝ ኖሮ ሦስት አገር ያቋርጣል እላችሁ ነበር። ሚኒባሱን ከፈትኩ፤ ጃኬቴ እንደተሰቀለ ነው። ዚፑን ስቤ ቁልፏን አወጣሁ። ቁልፏን ብቻ ይዞ መመለስ ይቻል ነበር። ዋና መሐንዲስም ቁልፍ ይረሳል። ማንም ምንም አይልም፤ ሮኬቱ ይተኮሳል፣ ይጨበጨባል፣ እንሄዳለን።

በፊት መስታወቱ ሰልፉን አየሁ። ልጄ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቷ በሰልፉ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች። እየቆጠረች ነበር። ሥራው ተወስዶባት፣ ውሸታም ተብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሁሉም ከገመዱ ወዲህ መሆኑን እየቆጠረች ነበር።

ጋዋኑን አወለቅኩ። እጅጌው አልወጣ ብሎ ስታገል ስፌቱ ተተረተረ። ጃኬቴን ለበስኩ።

ስመለስ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፍ ነበረብኝ። ትንንሾቹ ማንበብ የጀመሩ ሰሞን ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ያነብባሉ። ከኋላዬ በአንድ ድምፅ ጀመሩት። «ት… ራ… ን… ስ… ፖ… ር… ት!» ባለፍኩ ቁጥር ቀጣዮቹ ይቀበሏቸዋል። ጀርባዬ እሳት የነደደበት መሰለኝ። ርዕሰ መምህርቷ አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

ሳጥኑ ጋ ስደርስ ዞርኩና ሁለቱንም እጆቼን ወደ ፊት ዘረጋሁ፤ ልጄ እንድታያቸው።

«ሹፌር ነኝ» አልኩ። «መሐንዲስ አይደለሁም። ክንፉም ለማረፊያ አይደለም፤ ያንን ሰርዙት፣ እሱ ይነግራችኋል» ብዬ ወደ ፕላስተር ጠቆምኩ። «ልጄ የነገረቻችሁ ሁሉ እውነት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ስትጠየቅም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

 ዳኛው ግን ዳኛ ነው።

«አሁንስ እየዋሹ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን?»

 አርባ ዓመት ሙሉ መልስ ያልጠፋው አፌ ከዳኝ። ጄኔራል ናት ያዳነችኝ፤ ወይም የሳጥኑ ክዳን። ክዳኑን ወደ ልጆቹ አዞረችው። ዳኛው ጠጋ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ቁልፉ ሹፌሩ ጋ ነው።» ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደና ልጄን እጇን ይዞ አመጣት። «ፍርዱ ተነስቷል፤ እሷ ናት» አለ።

መዳፌን ዘረጋሁላት። ቁልፏን ስታነሳ ጣቶቿ መዳፌን እንዳይነኩ ተጠንቅቃ ነበር፤ ከጋለ ብረት ላይ እንደሚያነሳ ሰው። ሜዳውን አየች። ሰልፉን አየች። «ሁሉም ወጥቷል» አለች፤ ሁሉም አመናት። አዞረችው፤ ቀዩን ተጫነች።

ሮኬቱ ፉጨቱን አሰምቶ ተመነጠቀ። ስለ ከፍታው ጉራ አልነዛም፤ ከፎቁ በላይ፣ ከዛፎቹም በላይ ሄደ፤ ነጭ ጭሱ እንደ ክር ተተረተረ፤ ከዚያ ሮኬቱ የሚወርድበት ብርቱካናማ ጃንጥላ ተከፈተ። ልጆቹ የጮኹት ጩኸት ከሞተሩ በለጠ። እኔ ወደ ላይ አላየሁም። ልጄን ነበር የማየው። አንገቷን ቀልብሳ፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗ ብርሃን ሞልቶት ወደ ላይ ታያለች። ወደኔ ትዞር እንደሆነ ጠበቅኩ። አልዞረችም። ጃንጥላው ወደሚወርድበት ከሁሉም ጋር ሮጠች። ሲመለሱ ጄኔራልን ከብበው በጥያቄ ወጥረዋት ነበር፤ የልጄ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። «ነፋሱ ሲገፋው ለምን ወደ ነፋሱ ይዞራል?» ትላለች። ጄኔራል ተንበርክካ መሬቱ ላይ እየሳለች መለሰችላት። እኔ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ጠበቅኳቸው።

ስንመለስ ማንም «ግራ፣ ቀኝ» አላለኝም። ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ ነው ጄኔራል የተናገረችው።

«ጋሼ፣ ስለ ጋዋኑ አይደለም። ለዚያ መልስ የሚሰጡት ለልጅዎ ነው። ቁልፉ ግን ያለ ጠባቂ አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እኔ ሮኬቱ ላይ ጎንበስ ብዬ። እርስዎ ጋ ነው ብዬ ነበር ጎንበስ ያልኩት።»

«ይገባኛል።»

«ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

ፕላስተር ከኋላ ወንበር ላይ ሳጥኑን ታቅፏል። ከኪሱ ያወጣው ፕላስተር ሲቀደድ ሰማሁ። በመስታወት አየሁት፤ እያዘነ፣ ግን አጥብቆ፣ «ሹፌሩ» የሚለው ቃል ላይ ለጠፈበት።

ማታ ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ዘርግታ ክንፍ እየቆረጠች ነው። ባለቤቴ ከልብስ ስፌቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ ወደ መርፌዋ ተመለሰች። የጭልፋው ቀን ይሻለኝ ነበር።

ተቀመጥኩ። ልጄ ሙጫ ቀባች፣ ክንፉን ቱቦው ላይ ያዘች፣ እስኪደርቅ ተነፈሰችበት። ካርቶኑን እያየች ነው የተናገረችው።

«በሚቀጥለው ሐሙስ የአክስቴ ልጅ ትምህርት ቤት ናችሁ። ቁልፉ አንተ ጋ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ለክፍሉ ይነግራል።»

እጄ ብድግ አለ። ራሱ ነው የተነሳው፤ ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላወቅኩም። «አዎ፣ እኔ ጋ ነው» ማለት ቀላል ነበር፤ እስከ ሐሙስ ሩቅ ነው፣ እስከዚያ ጄኔራልን እለምናለሁ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር እልጣለሁ። ልጄ ሥራዋን አቁማ እጄን ተመለከተች። ገና አየር ላይ ነበር።

አወረድኩት። ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ላይ፣ ካርቶኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«ቁልፉ ከእንግዲህ እኔ ጋ አይደለም።»

«በኔ ምክንያት?»

«በኔ። ትቼው ሄድኩ። መሐንዲስ ለመሆን።»

ክንፉን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወንበሯን ወደኋላ ገፋች። «እንግዲያው ለሌላ ሰው ሳይነግር ልደውልለት» አለችና የእናቷን ስልክ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

«አንተ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሰማኋት። «ስለ ቁልፉ የነገርኩህን አስተካክል። አባቴ ሹፌር ነው፤ እሱ እውነት ነው። ቁልፉን ግን አይዝም።»  ያኛው ለምን ብሎ እየጠየቃት ነው።

«ስለዋሸ» አለች። ቀጥሎም ያኛውን አዳምጣ፣ «አይ፣ ጨዋታ አይደለም። ጆሮውን አልያዘም ነበር።»

ባለቤቴ መርፌዋን አቁማለች። ከክንፉ የፈሰሰው ሙጫ መዳፌ ሥር እየደረቀ ሲጎትተኝ ይሰማኛል። እጆቼን አላነሳኋቸውም።